ልጁ ያወቀው ምንድን ነው? የኮግኒቲቭ ሥነ ልቦና ብርታትና ወሰን

በኮልፌ ቀራንዮ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ



የዛሬው ርእሳችን በሥነ ልቦና ውስጥ ኮግኒቲቭ ተብሎ የሚጠራው አቀራረብ ነው። ቃሉን አንዳንድ ጸሐፊዎች «አእምሯዊ»፣ ሌሎች ደግሞ «ዕውቀታዊ» ብለው ይመልሱታል። የመጀመሪያው እጅግ ይሰፋል፣ ሁለተኛው እጅግ ይጠባል፤ ስለዚህ እኔ ከነባዕድነቱ «ኮግኒቲቭ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ዘርፉ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያስተውል፣ እንደሚያስታውስ፣ ቋንቋን እንደሚረዳ፣ እንደሚያመዛዝንና እንደሚወስን ይመረምራል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ በትምህርት ቤት፣ በሕክምና ተቋም ወይም በፍርድ ቤት ዙሪያ ትሠራላችሁ። በእጃችሁ የምትይዙት መጠይቅና ፈተና በአብዛኛው ከዚህ አቀራረብ የተወለደ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርታችሁ ስለ አንድ ሕፃን «አይችልም» ብላችሁ ትጽፉ ይሆናል፤ የጻፋችሁትም ከልጁ ጋር ለዓመታት ይጓዛል። መሣሪያው የሚያየውንና የማያየውን መለየት የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማብራሪያዬን ከቤተ ሙከራ በፊት ከቄስ ትምህርት ቤት ልጀምር። ፊደል ቆጠራ የገባ ሕፃን ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያለ በዜማ ይጮኻል። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፣ ማለትም 231ዱን ምልክቶች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሳይደናቀፍ ይወጣቸዋል። በዚህ ጊዜ ጣታችሁን ከገበታው መካከል «ቄ» ላይ አሳርፉና ይህ ማን ነው ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ ዝም ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ወደ ረድፉ መጀመሪያ ይመለስና «ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ...» ብሎ ቆጥሮ ይደርስበታል። ልጁ ያወቀው ተከታታይ ድምፅ ነው፤ ምልክቱንና ድምፁን ገና አላገናኘም። የጥንት መምህራን ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ከሀሁ ቀጥሎ ተማሪውን ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። በአቡጊዳ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ድምፁም አብረው ይቀየራሉ። በሀሁ ጊዜ የተደገፈበት የዜማ ምርኩዝ ከእጁ ይወሰዳል፤ ዓይኑ ምልክቱን ራሱን ለማየት ይገደዳል። ከዚያ በኋላ ነው የዮሐንስ መልእክት የሚቀጥለው።

አቡጊዳን ያዘጋጁት ሊቃውንት ለዚህ ብቻ ብለው አዘጋጅተውታል ማለቴ አይደለም፤ የፊደል ቅደም ተከተሉ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በማስተማሪያነት የሚሰጠው አገልግሎት ግን የኮግኒቲቭ ሥነ ልቦናን መሠረታዊ ጥያቄ በግልጽ ያሳያል። ሁለት ልጆች ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ሁለቱም «ቄ» ይላሉ። አንዱ የደረሰበት በቆጠራ ነው፤ ሌላው አይቶ ለይቶ ነው። ድምፃቸውን ብቻ የሚሰማ ታዛቢ ልዩነቱን አያገኘውም። ልዩነቱ የሚወጣው ተግባሩን ሲቀይሩት፣ የወሰደባቸውን ጊዜ ሲለኩና የስሕተታቸውን ዓይነት ሲመረምሩ ነው። የማይታየውን የአእምሮ ሥራ ከሚታየው ፍጥነትና ስሕተት መልሶ መገንባት የዚህ አቀራረብ ዋና ዘዴ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው፤ በመማሪያ መጻሕፍቶቻችሁ በበቂ ተጽፏልና። ጆን ዋትሰን በ1913 ሥነ ልቦና ሊታይና ሊለካ የሚችለውን ባህርይ ብቻ ያጥና ብሎ ካወጀ በኋላ በተለይ በአሜሪካ ስለ ውስጣዊ ሂደት መናገር ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ይታይ ነበር። በ1956 ጆርጅ ሚለር የአጭር ጊዜ ትውስታችን ሰባት ያህል ቁራጮች ብቻ እንደሚይዝ ጻፈ። በ1959 ኖአም ቾምስኪ የስኪነርን የቋንቋ ማብራሪያ ክፉኛ ተቸ። በ1967 ኡልሪክ ናይሰር ለዘርፉ ስሙን ያተመለትን መጽሐፍ አወጣ። ኮምፒውተርም ምሳሌ ሆኖ መጣ፤ መረጃ ይገባል፣ ይሰናዳል፣ ይከማቻል፣ ይወጣል። ስለ ሚለር ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኔልሰን ካዋን በ2001 ቁጥሩን ወደ አራት ገደማ ዝቅ አድርጎታል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ቁጥሩ ሳይሆን «ቁራጭ» የሚለው ሐሳብ ነው። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ለጀማሪ አንባቢ አምስት ቁራጭ ነው፤ ለእናንተ አንድ ነው።

ከዚህ ተነሥተን የአቀራረቡን ትልቁን ጥቅም በንባብ እንየው። ጀማሪው አንባቢ እያንዳንዱን ፊደል ለመለየት ሲታገል የትውስታ አቅሙ በዚያው ያልቅበታል። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። «አነበብህ፣ ግን ምን ተረዳህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ቢል ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ጎፍና ተንመር በ1986 ንባብን የሁለት ችሎታዎች ብዜት አድርገው አቀረቡት፤ ምልክትን ወደ ድምፅ መፍታትና ቋንቋን መረዳት። ብዜት ስለሆነ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። እኛ አገር ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ግእዝ ያልተማረ የቄስ ተማሪ መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት ሳያዛንፍ ያነባል፤ ትርጉሙን ግን አያውቅም። ዐረብኛ የማይናገር የመድረሳ ተማሪም ቁርኣንን በጥሩ ድምፅ ይቀራል። እነዚህ ልጆች ምልክትን በመፍታት ብርቱ ናቸው፤ በዚያ ቋንቋ መረዳት ግን ገና አልተሰጣቸውም። በአንጻሩ በ2010 በበርካታ ክልሎች የተካሄደ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ለክፍላቸው ከተመረጠ አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ልጆቹ የተፈተኑት በሚማሩበት ቋንቋ ስለነበር ይህን ውጤት ቋንቋ ባለመረዳት ብቻ ማብራራት አይቻልም፤ የመጀመሪያው በር ራሱ አልተከፈተላቸውም። ለሁለቱ ችግሮች የሚሰጠው መድኃኒት የተለያየ ነው። «የትምህርት ጥራት ወደቀ» የሚለው ጥቅል ጩኸት ይህን መለየት አይችልም፤ ኮግኒቲቭ ትንተና ይችላል። በእኔ ግምት ይህ ብቻውን የአቀራረቡን መኖር ያጸድቃል።

የተካነ አንባቢም ከፊደል ወደ ትርጉም በቀጥታ አይጓዝም። በአማርኛ ጽሑፍ ጥብቀት አይታይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» በዓልም ነው፣ ያልደረሰ ጊዜም ነው። ዓይን የሚያቀብለው ምልክት አንድ ሆኖ ሳለ አእምሮ ከዐውዱ ተነሥቶ፣ አንዳንዴም ቃሉ ሳይደርስ ቀድሞ ገምቶ፣ አንዱን ይመርጣል። ዕውቀት የስሜት ሕዋሳትን ሥራ ከላይ ወደ ታች ይመራል የምንለው ይህንን ነው። ቅኔ የሚዘርፍና የሚፈታ ሰው ደግሞ ይህን ምርጫ ሆን ብሎ ያዘገየዋል፤ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጠብቃል። በዚህ ላይ ብዙ ሊጠና የሚችል ነገር አለ፤ ወደፊት ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ አስቡበት።

ትውስታም እንደዚሁ እንደገና የሚሠራ እንጂ ከመዝገብ የሚወጣ አይደለም። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 የመኪና ግጭት ፊልም ላሳዩአቸው ሰዎች ፍጥነቱን ሲጠይቁ አንዱን ግስ ብቻ ቀያየሩ። «ተነካኩ» በሚል ቃል የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 32 ማይል ገደማ ሲገምቱ «ተላተሙ» በሚል ጠንካራ ቃል የተጠየቁት 41 ገደማ ገመቱ። ሕግ ተማሪዎች ምስክርን መሪ ጥያቄ መጠየቅ ለምን እንደሚገደብ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አያገኙም።

አሁን ወደ ወሰኑ ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በመማሪያ መጻሕፍት ድክመቶቹ በአንድ አንቀጽ ተዘርዝረው ይታለፋሉ፤ ለእኛ ግን ክብደታቸው ከዚያ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ተግባሩን ከችሎታው ጋር ማምታታት ነው። በ1972 ያን ዴሬጎቭስኪና ሁለት ባልደረቦቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩ፣ ከሥዕል ጋር እምብዛም ትውውቅ ባልነበራቸው የሜኤን ሰዎች ዘንድ የተደረገ ጥናት አሳተሙ። ቀደም ሲል በወረቀት ላይ ያለ ሥዕል ሲሰጣቸው ወረቀቱን ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ጨመደዱት፣ ድምፁን አዳመጡት፣ ቁራጩንም ቀመሱት፤ ሥዕሉን ግን ልብ አላሉትም። ተመራማሪዎቹ በዚያ ቢያቆሙ ኖሮ «እነዚህ ሰዎች ሥዕልን ማየት አይችሉም» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሥዕሉ የሚያውቁት ነገር በሆነ በሻካራ ጨርቅ ላይ፣ ትልቅና ግልጽ ሆኖ ሲቀርብላቸው አብዛኞቹ እንስሳቱን ለዩ፤ ጊዜና ጥረት ግን ወሰደባቸው። ልብ በሉ፤ እንግዳው ነገር ሥዕሉ ብቻ አልነበረም፤ ወረቀቱ ራሱ ነበር። በትምህርት ቤቶቻችን ወረቀት እንግዳ ባይሆንም ከማያውቀው ጎልማሳ ጋር ብቻውን ተቀምጦ፣ በሰዓት እየተለካ፣ ጠያቂው አስቀድሞ መልሱን የሚያውቀውን ጥያቄ መመለስ ለብዙ ልጅ እንግዳ ነው። ታላቅ ሰው ፊት ብዙ አለመናገር እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት ቤት ያደገ ልጅ በቃል ፈተና ዝም ቢል ዝምታው የሚመዘገበው በዜሮ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከብራዚል ቢመጣም ከጦር ኃይሎች አየር ጤና በታክሲ ለሚመላለስ ሰው ማስተርጎም የሚያስፈልገው አይመስለኝም። በሬሲፌ ከተማ በመንገድ ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆች ከደንበኞቻቸው ጋር ሲሸጡ የሒሳብ ጥያቄዎችን 98 በመቶ ያህል በትክክል መለሱ። ያንኑ ስሌት ያለ ታሪክ፣ በቁጥርና በምልክት ብቻ ሲቀርብላቸው ውጤታቸው ወደ 37 በመቶ ወረደ። ጥናቱ የታተመው በ1985 ነው። እኛ ዘንድ ወያላው በአንድ እጁ በሩን ይዞ፣ የአሥር ሰው ሒሳብ ሰብስቦ፣ ማን የት እንደሚወርድ አስታውሶ፣ ለእያንዳንዱ መልስ ይሰጣል። የአጠና ተራ ነጋዴም ያለ ወረቀት ዋጋ ያወጣል። እነዚህን ሰዎች በመማሪያ ክፍል አስቀምጠን በምንሰጣቸው ፈተና የምናገኘው ቁጥር ስለ ክፍሉ የሚነግረን ስለ እነሱ ከሚነግረን ሊበልጥ ይችላል። ናይሰር ራሱ፣ የዘርፉ አባት የሚባለው ሰው፣ በ1976 ባወጣው መጽሐፉ ባልደረቦቹ ከተራው ሕይወት የራቁ ሙከራዎችን ማብዛታቸውን ነቅፏል። ትችቱ ከውጭ ጠላት የመጣ እንዳይመስላችሁ።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ጥናቱ በማን ላይ ተሠራ የሚለው ነው። በ2008 የታተመ አንድ ቆጠራ በታዋቂ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው ምዕራባውያንና በኢንዱስትሪ የበለጸጉ አገሮች የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። «የሰው ልጅ ትውስታ እንዲህ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ «የእነዚያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ትውስታ እንዲህ ነው» ማለት ነው። ልዩነት ያመጣል ወይ ብትሉ፣ ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በላይቤሪያ በቫይ ሕዝብ መካከል ሠርተው በ1981 ያሳተሙት ሥራ አለ። ቫዮች የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጭ እርስ በርሳቸው ይማማሩታል። ቁርኣን በዐረብኛ የተማሩም አሉ፣ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የተማሩም አሉ። ማንበብና መጻፍ በጠቅላላው አእምሮን ይለውጣል የሚለው ትልቅ ግምት አልጸናም። በቃል ጥናት የሠለጠኑት የቁርኣን ተማሪዎች ቃላት አንድ በአንድ እየተጨመሩ በቅደም ተከተል መያዝን በሚጠይቀው ፈተና ብልጫ አሳዩ፤ በሌላው ፈተና ሁሉ ግን አይደለም። ሰው የተለማመደውን ይችላል። በኮልፌ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በቃል ጥናት የሚያድጉ ልጆች ስላሉ ይህ ግኝት ከማንም በላይ እኛን ይመለከታል።

ሦስተኛው ወሰን ችግርን ሁሉ ከራስ ቅል ውስጥ መፈለግ ነው። በሕክምናው ዘርፍ አሮን ቤክ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመንፈስ ጭንቀት ያለበት ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለምና ስለ ወደፊቱ ያለው አስተሳሰብ እንደሚጠቁር፣ ያንን አስተሳሰብ መርምሮ በማረም እንደሚሻለው አስተማረ። ይህ ሕክምና አጭር ነው፣ ውጤቱ ይለካል፣ ከሁሉ በላይ ሐኪም ላልሆነ ሰው ሊሰጥ የሚችል ሥልጠና አለው። በሐራሬ «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» በተባለው ሥራ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ የችግር አፈታት ምክር በሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ተሰጥቶ፣ 573 ሰዎች በተሳተፉበትና በ2016 በታተመ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የሕመም ምልክታቸው ከተለመደው እንክብካቤ ካገኙት በግልጽ ቀንሶ ተገኝቷል። ሕመሙን የአገሩ ሰዎች በሾና ቋንቋ «ብዙ ማሰብ» ይሉታል፤ እኛም «ሐሳብ ያዘኝ» እንላለን። የሥነ አእምሮ ሐኪም ለማግኘት ብዙ መንገድ መሄድ ለሚጠበቅበት አገር ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ይሁን እንጂ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ በክፍለ ከተማችን በቆሼ የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ቤቶችንም ቀብሯል። በዚያ ሌሊት ቤተሰቧን ያጣች እናት «ዓለም አያስተማምንም» ብትለን ይህ የተዛባ አስተሳሰብ ነው? አይደለም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ሐሳቧን እንድታርም መጠየቅ የከተማን ጉድለት ወደ እርሷ ጭንቅላት ማዛወር ነው። «ያን ዕለት ከቤት ባልወጣ ኖሮ ልጆቼን አድን ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ካለች ግን የቤክ ዘዴ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ያ ሐሳብ ማስረጃ ቀርቦለት ሊመረመር ይችላል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች መለየት የአማካሪው ሙያ ነው፤ ከየትኛውም የሥልጠና መመሪያ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይገኝም። ስለ ዛር፣ ስለ ጸበል፣ ስለ መንፈስ የሚናገር ሕመምተኛም እንደዚሁ ነው። እምነቱን ከስሕተት ዝርዝር ውስጥ ለመክተት የሚቸኩል ባለሙያ ሕመምተኛውን ከሁለተኛው ቀጠሮ በፊት ያጣዋል።

አካልም አለ፤ የኮምፒውተሩ ምሳሌ ረሃብን አያውቅም። በሕንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ላይ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት እነዚያው ገበሬዎች ገንዘብ ባጠራቸው ከመከር በፊት በነበረው ጊዜ በአእምሮ ፈተና ያገኙት ውጤት ከመከር በኋላ ካገኙት ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ቁርስ ሳይበላ የመጣን ልጅ ትኩረት ለክተን ስለ «ችሎታው» ሪፖርት የምንጽፍ ከሆነ የለካነው ሆዱን ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤት ምገባ የሥነ ልቦና ጉዳይ አይደለም የሚል ካለ ይህን ጥናት ያንብብ።

ይህን ሁሉ ስል አቀራረቡን ጣሉት ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ ከድክመቶቹ አንዳንዶቹን ማረም የሚቻለው በራሱ መሣሪያ ነውና። የቁጥር ትውስታ ፈተናን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጠያቂው ቁጥሮችን ይናገራል፣ ልጁ በተራቸው ይደግማል፣ እስኪሳሳት ድረስ ቁጥሩ ይጨመራል። አለን ባድሊና ባልደረቦቹ ይህን ትውስታ የሚይዘው ክፍል እንደ ድምፅ ቀለበት እንደሚሠራ፣ የሚይዘውም በሁለት ሴኮንድ ገደማ ሊነገር የሚችለውን ያህል እንደሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ ቃሉ ሲረዝም የሚያዘው ቁጥር ያንሳል። በ1980 በዌልስ የወጣ ጥናት ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎች በዌልሽ ሲጠየቁ ከእንግሊዝኛው ያነሰ ቁጥር እንደያዙ አሳየ፤ የዌልሽ ቁጥሮች ለመናገር ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳሉና። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው።

አሁን የእኛን ቁጥሮች እንቁጠር። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ባሉት የእንግሊዝኛ ቁጥሮች የሥነ ልሳን ሰዎች «ቀለም» ከሚሉት የድምፅ ክፍል ከአንድ በላይ ያለው ሰባት ብቻ ነው። በአማርኛ ከ«አንድ» እና ከ«ሦስት» በቀር ሁሉም ሁለት ሁለት ቀለም አላቸው። በአፋን ኦሮሞም ከ«ሻን» በስተቀር እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ልጆች የወጣውን መለኪያ ተርጉመን ብቻ በኮልፌ ልጅ ላይ ብናውለው፣ ልጁ ሳይደክም ነጥቡ ሊቀንስ ይችላል፤ ምክንያቱም «ስድስት» ከእንግሊዝኛው «ሲክስ» ይረዝማል። ይህን የነገረን ራሱ ኮግኒቲቭ ንድፈ ሐሳብ ነው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በስልጥኛና በጉራጊኛ ቁጥሮችን ለመናገር የሚወስደውን ጊዜ ለክቶ፣ በየቋንቋው ልጆች ላይ የየራሱን መለኪያ ማውጣት ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ድምፅ መቅጃ፣ የሴኮንድ መቁጠሪያና የወላጆችን ፈቃድ ይጠይቃል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ በየቋንቋችሁ ብትከፋፈሉት የአንድ ዓመት ሥራ ነው፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከገለጻው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።